ሙቀትን የሚቋቋም ዘር፦ ኮራሎች ከሚሞቀው ባሕር ጋር እኩል መራመድ ይችላሉን?

የባሕር ውኃ ከልክ በላይ በሚሞቅባቸው ወራት ወደ ኮራል አለቶች ጠልቀው የሚገቡ ተመራማሪዎች ደጋግመው የሚያዩት ነገር አለ። አንዱ ኮራል እንደ ኖራ ነጥቶ ከሞት አፋፍ ደርሷል። ከእርሱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ የሚገኘው፣ በዝርያም በመጠንም የሚመስለው ሌላው ኮራል ግን የተፈጥሮ ቀለሙን እንደያዘ ነው። ሁለቱም ያሉበት ውኃ አንድ ነው፤ ያረፈባቸው ፀሐይም አንድ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? በዘር የሚተላለፍ ከሆነስ የኮራል አለቶችን ከጥፋት ለማዳን ይበቃልን?

ጥያቄው የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ከዓለም አቀፉ የኮራል ሪፍ ኢኒሼቲቭ ጋር በኤፕሪል 2024 ባወጣው መግለጫ፣ አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱን አረጋግጧል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1998 በተከሰተው የመጀመሪያው መንጣት ጉዳት ለሚያደርስ ሙቀት የተጋለጠው የዓለም የኮራል አለት 21 በመቶ ነበር። በ2010 ወደ 37 በመቶ፣ ከ2014 እስከ 2017 በዘለቀው ሦስተኛው ክስተት ደግሞ ወደ 68 በመቶ አደገ። በ2023 የጀመረው አራተኛው ክስተት በ2025 የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ 84 በመቶ ደርሶ ነበር። እያንዳንዱ ክስተት ከቀዳሚው የሰፋ መሆኑን አኃዞቹ በግልጽ ያሳያሉ።

የባሕር ጠረፍ በሌላት አገር ለሚኖር አንባቢ ነገሩ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የጉዳዩ እምብርት ገበሬ ከማንም በላይ የሚያውቀው ነው። በአንድ ማሳ ላይ የተዘራ ማሽላ ሁሉ ድርቅን እኩል አይቋቋምም። አንዱ ጠውልጎ ሲወድቅ ሌላው ዛላውን ይዞ ይቆማል። ገበሬውም የቆመውን ለይቶ ለከርሞ ዘር ያስቀራል። ዛሬ በባሕር ሳይንስ ውስጥ ትልቅ ክርክር ያስነሳው ሐሳብ፣ ይህን ጥንታዊ ጥበብ ወደ ባሕር ወለል ማውረድ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ነው።

ኮራል ምንድን ነው? ሙቀትስ ለምን ይገድለዋል?

ኮራል ብዙዎች እንደሚገምቱት ድንጋይም ተክልም አይደለም፤ እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን እንስሳት በሺዎች ተያይዘው አንድ አካል ይሠራሉ። ከባሕር ውኃ ውስጥ ካልሲየም እየወሰዱም ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ አጽም ይገነባሉ። ትውልድ በትውልድ ላይ እየተደረበ በሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ የሚፈጠረው ግንብ የኮራል አለት ወይም ሪፍ ይባላል። የኮራል አለቶች የሚሸፍኑት ከባሕር ወለል 1 በመቶ የማይሞላውን ነው። ነገር ግን ከታወቁት የባሕር ዝርያዎች ሩብ ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው በአንዱ ክፍል በእነርሱ ላይ ይመካሉ። የማዕበልን ጉልበት ሰብረው የጠረፍ መንደሮችን ይጠብቃሉ፤ በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ሰዎችም የዓሣ ምግብና የእንጀራ ምንጭ ናቸው።

ኮራል ይህን ሁሉ የሚሠራው ብቻውን አይደለም። በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ዋቅላሚዎች ወይም አልጌዎች ይኖራሉ። እነዚህ አልጌዎች እንደ ማንኛውም አረንጓዴ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃሉ፤ ከሚያዘጋጁትም አብዛኛውን ለአስተናጋጃቸው ይሰጣሉ። ኮራሉ በአንጻሩ መጠለያና ለምግብ ዝግጅት የሚያስፈልገውን ግብዓት ያቀርባል። የኮራል ውብ ቀለምም በአብዛኛው የአልጌዎቹ ቀለም ነው።

ውኃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይህ ውል ይፈርሳል። የአልጌዎቹ ምግብ የማዘጋጀት ሥርዓት ይዛባና ሕዋሳትን የሚጎዱ የኦክስጅን ዓይነቶች ይመነጫሉ። ኮራሉ በዚህ ጊዜ አልጌዎቹን ከአካሉ ያስወጣል፤ ነጩ አጽምም በሚያሳልፈው ሥጋ ውስጥ ይታያል። መንጣት የሚባለው ይህ ነው። የነጣ ኮራል ወዲያውኑ አይሞትም። ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ አልጌዎቹ ተመልሰው ሊያገግም ይችላል። ሙቀቱ ለሳምንታት ከቀጠለ ግን በረሀብ ይሞታል።

ለዚህ የሚያበቃው የሙቀት ጭማሪ ትንሽ ነው። በአንድ አካባቢ በሞቃታማው ወቅት ከሚመዘገበው የተለመደ ከፍተኛ ሙቀት 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ሲያልፍ አደጋው ይጀምራል። ሳይንቲስቶች የሙቀቱን ጫና የሚለኩት በጭማሪው ብቻ ሳይሆን በቆይታውም ጭምር ሲሆን መለኪያው «ዲግሪ ሳምንት» ይባላል። 1 ዲግሪ ጭማሪ ለ4 ሳምንታት ከቆየ 4 ዲግሪ ሳምንት ይሆናል። በዚህ ደረጃ ጉልህ መንጣት ይጠበቃል፤ 8 ሲደርስ ደግሞ የብዙ ኮራሎች ሞት ይከተላል። ይህን መለኪያ ማወቅ ቀጥሎ የሚነሱትን ውጤቶች ለመመዘን ይጠቅማል።

የልዩነቱ ሦስት ምንጮች

እስካሁን በተደረጉት ጥናቶች አንዱ ኮራል ከሌላው በተሻለ ሙቀትን የሚቋቋምባቸው ሦስት ምክንያቶች ተለይተዋል።

የመጀመሪያው የአልጌዎቹ ዓይነት ነው። አልጌዎቹ ሁሉ አንድ አይደሉም፤ ከመካከላቸው ሙቀትን የሚታገሡ አሉ። በአውስትራሊያ በ2006 የታተመ ጥናት፣ ዱሩስዲኒየም በሚባለው ወገን የሚመደቡ አልጌዎችን የያዙ ኮራሎች ከሌሎቹ ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ የሚደርስ ተጨማሪ ሙቀት ሊቋቋሙ እንደሚችሉ አሳይቷል። ነገር ግን ይህ ጥቅም ያለ ዋጋ አይገኝም። ሙቀትን የሚታገሡት አልጌዎች ለአስተናጋጃቸው የሚሰጡት ምግብ ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ኮራሉ ዕድገቱ ይዘገያል።

ሁለተኛው መለማመድ ነው። በአሜሪካን ሳሞዋ በምትገኘው የኦፉ ደሴት ዳርቻ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ውኃቸው እስከ 34 ዲግሪና ከዚያም በላይ የሚሞቅ ኩሬዎች አሉ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ፓሉምቢና ባልደረቦቻቸው ከቀዝቃዛው ኩሬ የተወሰዱ ኮራሎችን ወደ ሞቃታማው አዛወሩ። በ2014 ባሳተሙት ውጤት፣ ኮራሎቹ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሙቀት መቋቋም አቅማቸውን በጉልህ ማሳደጋቸውን ገለጹ። ሆኖም የተዛወሩት በዚያው ተወልደው ካደጉት ጋር ሙሉ በሙሉ እኩል አልሆኑም። ቀሪውን ልዩነት የሚያብራራው ሦስተኛው ምክንያት፣ ማለትም ዘረመል ነው።

ዘረመል የሚጫወተውን ሚና በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ በ2015 የወጣው ነው። የአውስትራሊያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በግሬት ባሪየር ሪፍ፣ ከሞቃታማው ሰሜን የተገኙ ኮራሎችን ከ5 የኬክሮስ ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ርቀው ከሚገኙና ቀዝቀዝ ባለ ውኃ ውስጥ ከሚኖሩ የዚያው ዝርያ ኮራሎች ጋር አዳቀሉ። የተገኙትንም እጮች በሙቀት ፈተኗቸው። ወላጆቻቸው ከሰሜን የሆኑት እጮች የመትረፍ ዕድላቸው እስከ 10 እጥፍ የላቀ ሆኖ ተገኘ። የእናትየዋ ድርሻ ከአባትየው የጎላ ነበር። ይህም የሕዋስ የኃይል ማመንጫ የሆነውና ከእናት ብቻ የሚወረሰው ሚቶኮንድሪያ ሚና ሊኖረው እንደሚችል ጠቁሟል።

ከዚያ በኋላ የወጡ ሁለት ውጤቶች ሥዕሉን ይበልጥ አጥርተውታል። በ2020 ይፋ የሆነ ጥናት ከ12 የግሬት ባሪየር ሪፍ አለቶች የተሰበሰቡ 237 ናሙናዎችን ዘረመል መረመረ። ሙቀትን መቋቋም የአንድ ጉልህ ዘረመል ሥራ እንዳልሆነም ደረሰበት። ብዙ ዘረመሎች እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ አስተዋጽኦ ያደርጋሉ። ይህ የሰብል ምርታማነትን ወይም የላም ወተትን ከሚወስነው አሠራር ጋር ተመሳሳይ ነው። በ2024 የታተመ ሌላ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ በ17 አለቶች ላይ ከ500 በላይ የአንድ ዝርያ ኮራሎችን በሙቀት ፈተነ። የሙቀት መቋቋም ልዩነቱ በሩቅ አካባቢዎች መካከል ብቻ ሳይሆን በዚያው በአንድ አለት ላይ በጎረቤታሞች መካከልም ሰፊ መሆኑን አረጋገጠ።

የዚህ ውጤት ትርጉም ትልቅ ነው። ጠንካራ ዘር የሚገኘው በሞቃታማ ባሕር ብቻ ቢሆን ኖሮ መጠበቅ የሚያስፈልገው ጥቂት የተመረጡ ቦታዎችን ብቻ ይሆን ነበር። ጠንካራው በየቦታው ተበትኖ የሚገኝ ከሆነ ግን እያንዳንዱ አለት የራሱ የዘር ጎተራ ነው ማለት ነው። አንዱ በጠፋ ቁጥርም ከጎተራው የሚጎድል አለ።

የባብ ኤል መንደብ ወንፊት

ዘረመል ከታሪክና ከመልክዓ ምድር ጋር የሚገናኝበት እጅግ አስደናቂው ምሳሌ የሚገኘው በእኛው አካባቢ፣ በቀይ ባሕር ነው። ከሜዲትራኒያን ተነስተው ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚመጡ መርከቦች የሚያልፉበት የባብ ኤል መንደብ ጠባብ መተላለፊያ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የወንፊትነት ሚና እንደተጫወተ ይታመናል።

ባለፈው የበረዶ ዘመን የዓለም የባሕር ወለል ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። በዚያን ጊዜ ቀይ ባሕር ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር የሚያገናኘው መተላለፊያ እጅግ ጠቦ የውኃው ጨዋማነት ከልክ በላይ ጨመረ። ለኮራሎች የሚመች ቦታም አልነበረም። በረዶው ቀልጦ ባሕሩ ሲሞላ ኮራሎች ከደቡብ በባብ ኤል መንደብ በኩል እንደገና ገቡ። ደቡባዊው ቀይ ባሕር ደግሞ በሞቃታማው ወቅት ከ32 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ነው። በእስራኤላዊው ተመራማሪ ማኦዝ ፋይንና በባልደረቦቻቸው በ2013 የቀረበው መላምት እንደሚለው፣ ይህን የሞቀ በር አልፈው ወደ ሰሜን መዝለቅ የቻሉት ሙቀትን የሚቋቋሙት ብቻ ናቸው። ልጆቻቸው በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በኋላ፣ ውኃው በበጋ 27 ዲግሪ አካባቢ በሆነበት በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ይኖራሉ። የአያቶቻቸውን የሙቀት ችሎታ ግን እንደያዙ ናቸው።

በባሕረ ሰላጤው የተደረጉ ሙከራዎች ይህን ይደግፋሉ። በዚያ ያሉ አንዳንድ የኮራል ዝርያዎች ከተለመደው የበጋ ከፍተኛ ሙቀት 5 ዲግሪ ያህል የሚበልጥ ሙቀት ለሳምንታት ሲቋቋሙ ታይተዋል። በሌላ አካባቢ 1 ወይም 2 ዲግሪ ለመንጣት በቂ መሆኑን ስናስታውስ ልዩነቱ ይገባናል። በአንጻሩ የማዕከላዊውና የደቡባዊው ቀይ ባሕር ኮራሎች ከአቅማቸው ጣሪያ አጠገብ ይኖራሉ፤ በ2010 እና በ2015 ከባድ መንጣት ደርሶባቸዋል። አንድ ኮራል ምን ያህል ሙቀት ይችላል የሚለውና ከዚያ ጣሪያ ምን ያህል ርቆ ይኖራል የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ቀይ ባሕር በአንድ ካርታ ላይ ያሳየናል።

ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላ ማስታወሻ አለ። በአፋር ክልል በዳናኪል ዝቅተኛ ስፍራ ዙሪያ፣ ከባሕር ርቀው በደረቅ መሬት ላይ የሚገኙ የኮራል አለቶች አሉ። ከ125 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ስፍራውን አጥለቅልቆ በነበረበት ዘመን የተገነቡ ናቸው። ባሕሩ ተቆርጦ ሲደርቅ ጨውና የኮራል አጽም ቀሩ። ኮራል እንደ ዘር ብዙ ዘመን የተሻገረ ፍጡር ነው። አንድ የተወሰነ አለት ግን የሚኖረው ሁኔታው እስከፈቀደለት ድረስ ብቻ ነው። የጥንቱ ለውጥ ሺህ ዓመታትን የፈጀ ሲሆን የዛሬው ለውጥ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የሚታይ መሆኑ ልዩ ያደርገዋል።

ማዳቀልና መትከል፤ ተስፋውና ልኩ

ተፈጥሮ በወንፊት የሠራችውን ሥራ ሰው ሊያፋጥነው ይችላል የሚለው ሐሳብ «የታገዘ ዝግመተ ለውጥ» በሚል ስም ይታወቃል። ማድሊን ቫን ኦፐንና በ2018 ያረፉት ሩት ጌትስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ ሐሳቡን ለዓለም አስተዋውቀዋል። ወላጆችን መርጦ ማዳቀል፣ ጠንካራ አልጌዎችን ማላመድና ኮራሎችን አስቀድሞ ለሙቀት ማለማመድ ከመንገዶቹ መካከል ናቸው።

ከመንገዶቹ ለገበሬው እጅግ ቅርብ የሆነው የተመረጡ ወላጆችን ማዳቀል ነው። በእንግሊዝ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በፓሲፊክ ውቅያኖስ በምትገኘው በፓላው ሞክረውታል። ከባሕር የሰበሰቧቸውን ኮራሎች በሙቀት ፈትነው ጠንካራዎቹን ከደካሞቹ ለዩ። ከዚያም ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ አዳቅለው ልጆቹን ለዓመታት አሳደጉ። በ2024 በወጣው ውጤታቸው መሠረት፣ በኮራሎቹ መካከል ከሚታየው የሙቀት መቋቋም ልዩነት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በዘር የሚወረስ ነው። የጠንካሮቹ ልጆች በአንድ ትውልድ ያገኙት ጥቅምም 1 ዲግሪ ሳምንት ያህል ነበር።

ይህ አኃዝ በሁለት መልኩ ሊነበብ ይገባል። በአንድ በኩል ምርጫ እንደሚሠራ ያረጋገጠ ትልቅ እርምጃ ነው። በሌላ በኩል የብዙዎች ሞት የሚጠበቀው በ8 ዲግሪ ሳምንት መሆኑን ካስታወስን፣ በአንድ ትውልድ የተገኘው 1 ዲግሪ ሳምንት መጠነኛ ነው። ኮራል ደግሞ እንደ ጤፍ በአንድ ክረምት ተዘርቶ የሚታጨድ አይደለም፤ ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል። ጥናቱ ሌላም ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አሳይቷል። ለአጭር ጊዜ ከባድ ሙቀት ጠንካራ የሆነ ወላጅ፣ ለአንድ ወር ለሚዘልቅ መካከለኛ ሙቀት ጠንካራ የሆነ ልጅ ይወልዳል ማለት አይደለም። በባሕር ላይ ኮራሎችን የሚፈጀው ደግሞ በአብዛኛው ረጅሙ ሙቀት ነው። ስለዚህ በፈጣን ፈተና ብቻ የተመረጠ ዘር በመስኩ ላይ ያልተጠበቀ ውጤት ሊያስከትል ይችላል።

የፍሎሪዳ ሁኔታ ደግሞ መዘግየት ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ያሳያል። በ2023 በጋ በፍሎሪዳ ዳርቻ የደረሰው የባሕር ሙቀት በአካባቢው ታይቶ የማይታወቅ ነበር። በ2025 ይፋ በሆነ ጥናት መሠረት፣ ለሺዎች ዓመታት የአካባቢውን አለቶች ሲገነቡ የኖሩት ሁለቱ ቅርንጫፋማ የኮራል ዝርያዎች በፍሎሪዳ ኪስ ደሴቶች ከ97 በመቶ በላይ አልቀዋል። ተመራማሪዎቹም ዝርያዎቹ በፍሎሪዳ አለት የመገንባት ሚናቸውን መወጣት ከማይችሉበት ደረጃ ላይ መድረሳቸውን ገልጸዋል። በዚያው ዓመት የማያሚ ዩኒቨርሲቲና አጋሮቹ፣ ከእነዚህ ዝርያዎች የአንዱን የፍሎሪዳ ኮራሎች ይበልጥ ሞቃታማ በሆነው በሆንዱራስ የቴላ ባሕረ ሰላጤ ከሚኖሩ ዘመዶቻቸው ጋር አዳቅለው ልጆቹን በማያሚ ዳርቻ ተክለዋል። ከሌላ አገር ዘር ጋር የተዳቀሉ ኮራሎች በአገሪቱ የባሕር ክልል እንዲተከሉ ሲፈቀድ ይህ የመጀመሪያው ነው። እርምጃው ቀደም ሲል ብዙ ክርክር የሚያስነሳ በሆነ ነበር፤ የተፈቀደው የአገሬው ዘር ሊያልቅ በተቃረበበት ሰዓት ነው።

የዘር ሀብት ሲያልቅ አይታዘዝም

ከሩቅ የመጣ ዘር ሰብልን ሲታደግ የኢትዮጵያ ገበሬ ባለውለታ የሆነበት ታሪክ አለ። በካሊፎርኒያ የገብስ ማሳዎችን ያጠቃ የነበረውን፣ ቅጠልን የሚያበጫና ተክልን የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ለመቋቋም ያስቻለው ዘረመል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነበር። ያ ዘረመል የተገኘው ገበሬዎች ትውልድ በትውልድ ልዩ ልዩ የገብስ ዝርያዎችን ጠብቀው ስላቆዩ እንጂ፣ በሽታው ከተነሳ በኋላ ታዝዞ የመጣ አልነበረም። የዘር ብዝኃነት ባሕርይው ይህ ነው፤ ጥቅሙ የሚታወቀው በክፉ ቀን ሲሆን መጠበቅ ያለበት ግን በደጉ ቀን ነው።

በኮራል በኩል ጥበቃው ይበልጥ ይከብዳል። የገብስ ዘር በጎተራም ሆነ በዘር ባንክ ደርቆ ይቀመጣል፤ ኮራል ግን የሚደርቅ ዘር የለውም። የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ተቋም ተመራማሪዎችና የአውስትራሊያ አጋሮቻቸው የኮራልን የወንድ ዘር በእጅግ ከፍተኛ ቅዝቃዜ ማቆየት ችለዋል፤ ሥራውም ቀጥሏል። ነገር ግን ቀዝቅዞ የተቀመጠ ዘር የሚጠቅመው ወደፊት የሚመለስበት ምቹ ባሕር ሲኖር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የሙቀቱ ፍጥነት ወሳኝ ይሆናል። በ2018 የታተመ የኮምፒውተር ስሌት፣ በግሬት ባሪየር ሪፍ ያለው የአንድ ዝርያ የዘረመል ልዩነት ኮራሎቹ ለተጨማሪ ከ20 እስከ 50 ትውልድ ከሙቀቱ ጋር እንዲላመዱ ሊያስችላቸው እንደሚችል ገምቷል። ይኸው ስሌት ግን ኮራሎቹ በመካከሉ ለሚደርሱ ድንገተኛ የሙቀት ማዕበሎች ያላቸው ተጋላጭነት እየጨመረ እንደሚሄድ አስጠንቅቋል። እውነታውም ወደዚያው ያመለክታል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ አለት ከባድ መንጣት የሚደርስበት ከ25 እስከ 30 ዓመት አንድ ጊዜ ነበር፤ በ2016 ግን ልዩነቱ ወደ 6 ዓመት ጠቧል። ፈጣን ዕድገት ያላቸው ኮራሎች እንኳ ለማገገም 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋቸዋል። ግሬት ባሪየር ሪፍ በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022፣ በ2024 እና በ2025 ነጥቷል። በ2016ቱ ብቻ በጥልቀት በሌለው ውኃ ከሚኖሩ ኮራሎቹ 30 በመቶ ያህሉ ሞተዋል።

ጠንካራ ተብለው የሚታወቁትም ጣሪያ አላቸው። በፋርስ ባሕረ ሰላጤ የሚኖሩ ኮራሎች በየበጋው ከ34 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ውኃ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓለም ላይ ለሙቀት ቻይነት ምሳሌ የሚሆኑ ናቸው። ሆኖም በ2017 የተከሰተው ሙቀት በደቡባዊው የባሕረ ሰላጤው ክፍል ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውን ኮራል አጥፍቷል። ዘር የሙቀቱን ጣሪያ ከፍ ያደርጋል እንጂ ጣሪያውን አያስቀርም።

ከዚህ ምን እንወስዳለን?

በሳይንቲስቶች መካከል ያለው ክርክር ሁለት ጎራዎችን ይዟል። አንደኛው ወገን ጊዜው እየጠበበ ስለሆነ ማዳቀሉና መትከሉ ሳይውል ሳያድር ይስፋ ይላል። ሌላው ወገን ከ2 ሺህ 300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋን አለት በእጅ ተክሎ መመለስ እንደማይቻል ያስታውሳል። በዚህ ሥራ ላይ የሚፈሰው ገንዘብና ተስፋ ዋናውን መፍትሔ፣ ማለትም የበካይ ጋዞችን ቅነሳ፣ እንዳያዘናጋም ይሰጋል። በመንግሥታት መካከል የተቋቋመው የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንሳዊ ጉባኤ በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ የዓለም ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ከጨመረ የሞቃታማ ባሕር የኮራል አለቶች ከ70 እስከ 90 በመቶ እንደሚቀንሱ፣ በ2 ዲግሪ ከጨመረ ደግሞ ከ99 በመቶ በላይ እንደሚጠፉ ገምቷል።

እውነታዎቹ አብረው ሲታዩ ግን ሁለቱ ወገኖች የሚቃረኑ አይመስሉም። በኮራሎች መካከል ያለው የዘረመል ልዩነት እውነተኛ ሀብት ነው፤ በሙከራ ተረጋግጧል፤ በየአለቱም ተበትኖ ይገኛል። ነገር ግን እያንዳንዱ የሙቀት ማዕበል ከዚህ ሀብት ላይ ይቀንሳል። ደካሞቹን ብቻ ሳይሆን፣ ለሙቀት ባይሆንም ለበሽታ ወይም ለሌላ የነገ አደጋ መልስ ሊሆኑ ይችሉ የነበሩትንም ይዞ ይሄዳል። የካይ ጋዝ ልቀት የሚቀንስበት ፍጥነት ለዚህ ሀብት የሚተርፈውን ጊዜ ይወስናል። ማዳቀልና መትከል ደግሞ የተገኘው ጊዜ በከንቱ እንዳያልፍ ያግዛል። አንዱ ያለ ሌላው ብዙ አይራመድም።

የጠረፍ አገራት በእጃቸው ያለው ሥራም ቀላል የሚባል አይደለም። ከከተማ የሚወጣ ፍሳሽ፣ ከተሸረሸረ መሬት የሚወርድ ደለልና ከልክ ያለፈ ዓሣ ማስገር ኮራሎችን ያዳክማሉ፤ በሙቀት የተመታም ኮራል እንዳያገግም ያደርጋሉ። ቀይ ባሕርን የሚጋሩ አገራት በዓለም ላይ እጅግ ሙቀት ቻይ ከሆኑት ኮራሎች አንዳንዶቹን በአደራ ይዘዋል። ኮራሎቹ ሙቀቱን ሊችሉ ይችላሉ፤ የነዳጅ መፍሰስንና ያልተጣራ ፍሳሽን ለመቋቋም ግን የሠለጠኑበት ታሪክ የላቸውም።

ድርቅ በመጣበት ዓመት የቆመችውን ዛላ ለዘር የሚያስቀር ገበሬ ሁለት ነገር ያውቃል። አንደኛ፣ የቆመችው ዛላ ተስፋ ናት። ሁለተኛ፣ ድርቁ በየዓመቱ ከተመላለሰ እርሷም አትበቃም። የኮራል አለቶች ጉዳይ ዛሬ የደረሰበት ቦታም ይኸው ነው። ጠንካራው ዘር መኖሩ ተረጋግጧል፤ ተዘርቶ የሚበቅልበትን ባሕር ማቆየት ግን የሰው ልጆች ሁሉ ፈንታ ነው።